«አዋቂ» ማን ነው? በደሴ አንድ መጽሐፍ ቤት ስለሚሰጠው የስድስት ቅዳሜ ትምህርት

ከደሴ ፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለው ጠባብ ፎቅ ላይ፣ መጽሐፍ የሚያከራይ፣ አሮጌ መጽሐፍ የሚገዛና የሚሸጥ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቡና የሚያፈላ ቤት አለ። ሰሌዳ አልሰቀለም። ደንበኞቹ «መጽሐፍ ቤቱ» ብለው ብቻ ይጠሩታል፤ ባለቤቱም ስማቸው በየቦታው እንዲነሣ ስለማይወዱ እኔም ከዚህ አላልፍም። ባለፈው በጋ በደረጃው መግቢያ ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ፦ «የአፍሪካ ፍልስፍና፣ ሳይንስ፣ ከተፈጥሮ በላይ በሆነ ነገር ማመን። ስድስት ቅዳሜ፣ ከ8 እስከ 11 ሰዓት። ቡናን ይጨምራል።» ተመዝግቤ ስድስቱንም ቅዳሜ ተከታተልሁ። ይህን ግምገማ የምጽፈው ገንዘቡንና ጊዜውን ማውጣት ተገቢ እንደሆነ ለጠየቁኝ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ መልስ ለመስጠት ነው።

ዋጋው ለስድስቱ ቀን 900 ብር ሲሆን፣ አንድ ቀን ብቻ ለሚመጣ ሰው 200 ብር ነው። በክፍያው ውስጥ በየሳምንቱ በአማርኛ የተዘጋጀ ከ12 እስከ 15 ገጽ የሚደርስ የማንበቢያ ጽሑፍ፣ ሦስት ሲኒ ቡናና ቆሎ ይካተታል። ጽሑፉ ከትምህርቱ ሦስት ቀን ቀድሞ እንዲወሰድ ቢባልም፣ በሁለት ሳምንት የተሰጠን እዚያው በመግቢያው ላይ ነው፤ ያላነበቡትን ነገር መወያየት ደግሞ የማይጠቅም ድካም ነው። እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ቀለም መልቀቅና አለመልቀቁን እየፈተሽሁ እንጀራዬን እበላለሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የሐረጎ አቀበት ወጥቶ ለሚመጣ ሰው 11 ሰዓት ላይ ማብቃት የነበረበት ውይይት እስከ 12 ሰዓት ሲዘልቅ የመመለሻ ሚኒባስ ነገር ያሳስባል። ከኮምቦልቻ ሙቀት በቀጭን ሸሚዝ የሚመጣ ሰውም ይጠንቀቅ፤ የክፍሉ አንዱ መስኮት በደንብ አይዘጋምና የጦሳ ንፋስ እንግዳ አይለይም።

አወያዩ ጡረታ የወጡ የፍልስፍና መምህር ናቸው። ታዳሚው ሃያ ያህል ነበር፤ ከእነርሱም መካከል የሳይንስ መምህራን፣ አንዲት ነርስ፣ ቅኔ ቤት የዋለ ወጣት፣ ቂርአት ቤት የተማሩ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው፣ እንዲሁም ልጃቸውን ለማጀብ መጥተው በሦስተኛው ሳምንት ከሁሉም በላይ የሚናገሩ የሆኑ አንዲት እናት ይገኙበት ነበር። ሁላችንም «እትዬ» እያልን እንጠራቸው ነበር፤ ስማቸውን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ርእሱ ቃል መናገር አለብኝ፤ የትምህርቱ ትልቁ ስሕተት በማስታወቂያው ላይ ተጽፎ ነበርና። «ከተፈጥሮ በላይ» የሚለው ሐረግ ሰው የሚያምንባቸውን ነገሮች ከሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ከታች ሌላውን ከላይ ያስቀምጣል። በራሱ በመጽሐፍ ቤቱ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰው የጋናው ፈላስፋ ክዋሲ ዊሬዱ ግን እንዲህ ያለው ክፍፍል በገዛ ሕዝቡ በአካን አስተሳሰብ ውስጥ እንደሌለ፣ ከአውሮፓ ቋንቋ ጋር ተሸክመነው የመጣ እንደሆነ ደጋግሞ ተከራክሯል። በእርሱ አተረጓጎም ለአካን ሰው መኖር ማለት የሆነ ቦታ ላይ መኖር ነው፤ መንፈስም ቢሆን ቦታ አለው። ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ዛር ያለበት ሰው «ዛሬ ምን አማረው?» ይባላል እንጂ ዛሩ ከፍጥረት ውጭ ነው አይባልም። ቡናና ዕጣን ይወዳል፣ የዶሮ ላባ ቀለም ይመርጣል፣ በወንዝ ዳር ያገኛል፣ ይቆጣል፣ ይታረቃል። አድባርም ያለችው በዛፉ ሥር ነው። ዊሬዱን የሚያስተምር ቤት ዊሬዱ የተቃወመውን ቃል በር ላይ መለጠፉ ያስተዛዝባል፤ ይህንንም በመጀመሪያው ቀን ተናገርሁ፤ አወያዩም «ሌላ ቃል ካለህ አምጣ» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እስከ መጨረሻው አላመጣሁም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የአፍሪካ ፍልስፍና አለ ወይስ የለም በሚለው የቆየ ክርክር ላይ ያተኮረ ስለነበር በአጭሩ አልፈዋለሁ። ቤልጅየማዊው ሚሲዮናዊ ፕላሲድ ቴምፕልስ በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የባንቱ ሕዝቦች በሙሉ በአንድ «የሕይወት ኃይል» ሐሳብ የተሳሰረ ፍልስፍና አላቸው አለ። የቤኒኑ ፖሊን ሁንቶንጂ ደግሞ በ1976 እ.ኤ.አ. ይህን አፈረሰው፤ ፍልስፍና ስሙን አኑሮ የሚከራከር ሰው ሥራ ነው፣ የአንድን ሕዝብ ተረትና ምሳሌ ሰብስቦ «እንዲህ ያስባሉ» ማለት ግን ፍልስፍና አይባልም ሲል። ቅኔ ቤት የዋለው ወጣት እዚህ ላይ እጁን አንሥቶ፣ ቅኔ በሕዝብ ስም የሚነገር ሳይሆን ባለቤት ያለው፣ በዕለቱ ተቀኝቶ በዕለቱ የሚመረመር፣ መምህሩ ካልጣመው የሚያርመው ነገር መሆኑን ተናገረ፤ ስለዚህ የሁንቶንጂን መመዘኛ ከሚያልፉት አንዱ እርሱ የዋለበት ጉባኤ ሊሆን ይችላል። አወያዩ ማስታወሻ ያዙ፤ ነገር ግን በሚቀጥሉት ሳምንታት ሐሳቡን መልሰው አላነሡትም።

ሁለተኛው ቅዳሜ ከባድም ጥሩም ነበር። መነሻው እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ኤቫንስ-ፕሪቻርድ በመካከለኛው አፍሪካ ስለሚኖረው የአዛንዴ ሕዝብ በ1937 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ነው። በጥናቱ ውስጥ ያለው የጎተራ ምሳሌ የታወቀ ነው፤ ሰዎች ከሙቀት ሽሽት ጥላው ሥር ተቀምጠው ሳሉ ጎተራው ወድቆ ይጎዳቸዋል። አዛንዴዎች ምሶሶውን ምስጥ እንደበላው ያውቃሉ፤ ጥንቆላን የሚጠሩት ምስጥን ባለማወቅ አይደለም። የሚጠይቁት ሌላ ነው፤ ምሶሶው የተሰበረው እነዚህ ሰዎች በዚህች ሰዓት እዚህ በተቀመጡበት ጊዜ ስለ ምን ነው? አወያዩ ይህን ካስረዱ በኋላ ወደ መስኮቱ እያመለከቱ የሐረጎን መንገድ አነሡ። መኪና ሲገለበጥ መካኒኩ ፍሬኑን አይቶ ምክንያቱን ይናገራል፤ የለቅሶ ቤቱ ግን «ቦታ ሊቀይር ተነሥቶ ነበር እኮ»፣ «ትናንት ሊሄድ አስቦ ቀረ» እያለ ሌላውን ጥያቄ ሲያነሣ ያድራል። ፍሬኑ እንዴት እንደሆነ ይመልሳል። ለምን እርሱ? ለሚለው ግን መልስ የለውም፤ ጥያቄው በራሱ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው ወይ የሚለው ሃያ ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ሲያከራክር ዋለ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሮቢን ሆርተን ተሻገርን። በናይጄሪያ ረጅም ዘመን የኖረው ይህ እንግሊዛዊ በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ የአፍሪካ ነባር አስተሳሰብ ከሳይንስ ጋር የሚመሳሰልበትን ሁኔታ ለማሳየት ሞክሯል። ሁለቱም በዓይን ከሚታየው ትርምስ በስተጀርባ ጥቂት የማይታዩ ነገሮችን አስቀምጠው ሥርዓት ይፈልጋሉ፤ አንዱ አቶም ይላል፣ ሌላው መንፈስ። ልዩነታቸው በሆርተን አባባል ነባሩ አስተሳሰብ ሌላ አማራጭ እንዳለ ስለማያይ ለራሱ ዝግ መሆኑ፣ ሳይንስ ደግሞ ሐሳቡ ሊወድቅ እንደሚችል አውቆ ክፍት መሆኑ ነው። ዊሬዱ የሰጠው መልስ አጭርና የሚቆርጥ ነው፤ የአፍሪካን ተራ ሰው እምነት ከምዕራብ ሳይንስ ጋር ማወዳደር ስሕተት ነው፣ መወዳደር ያለበት ከምዕራቡ ተራ ሰው እምነት ጋር ነው ይላል። በጽሑፉ ውስጥ ሁለቱም ወገኖች በጥንቃቄ ቀርበዋል፤ ትርጉሙም ከስድስቱ ሁሉ የተሻለው ይህ ነው።

በዚሁ ቀን በአቦሉ ጊዜ የሆነው ነገር ግን በጽሑፉ ውስጥ አልነበረም። ሸምገል ያሉት ሰው «እኛ ዘንድ ከተማዋ ራሷ በሰማይ ምልክት አይደለም ወይ ስም ያገኘችው?» ብለው ጠየቁ። ትውፊቱ የታወቀ ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1882 እ.ኤ.አ. እዚህ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ አይተው፣ በማየታቸውም ተደስተው ቦታውን ደሴ አሉት ይባላል። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ በቀን ብርሃን ሳይቀር የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ እንደነበረ የሥነ ፈለክ መዛግብት ይመሰክራሉ፤ ስለዚህ ከታሪኩ ውስጥ ኮከቡ አያጠራጥርም። አንዱ የፊዚክስ መምህር ቀበል አድርጎ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የሆነውን የፀሐይ ግርዶሽ አስታወሰን። ላሊበላ ላይ ፀሐይ የቀለበት ቅርጽ ይዛ ታየች፤ የሚሆንበት ደቂቃ ከብዙ ዓመት በፊት ተሰልቶ ይታወቅ ነበር። እርሱ ተማሪዎቹን መከላከያ መነጽር አድሎ ወደ ሜዳ አወጣቸው፤ የአንዳንዶቹ እናቶች ግን ልጆቻቸውን ቤት ቆልፈው አዋሉ። መምህሩ ይህን ሲናገር ሊያስቅ አስቦ ነበር፤ እትዬ ግን «መነጽር ያልደረሰው ልጅ ቤት ቢውል ምን ተጎዳ?» አሉት። ጥርጣሬም ቢሆን ለነገሩ ልክ ሲሆን ነው የሚያምረው።

ሦስተኛው ቅዳሜ ለብቻው 900 ብሩን ይመልሳል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የተነበበው ባሪ ሃለን እና ጆን ሶዲፖ በናይጄሪያ የዮሩባ ነባር ሐኪሞችን አነጋግረው በ1986 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ነው። በዮሩባ «ሞ» ማለት ማወቅ፣ «ግባግቦ» ማለት ማመን ተብሎ ሲተረጐም ኖሯል። ሁለቱ ፈላስፎች ግን ልዩነቱ እንደ እንግሊዝኛው እንዳልሆነ አሳዩ። በዮሩባ አወቅሁ ማለት የሚችል ሰው በገዛ ዓይኑ አይቶ፣ ያየውንም ነገር ልብ ብሎ ያስተዋለ ነው፤ ከሌላ ሰው የሰማውን፣ ከመጽሐፍ ያነበበውንና በትምህርት ቤት የተነገረውን ግን «ግባግቦ» ከሚለው በላይ ሊጠራው አይችልም። በዚህ ሚዛን ከተመዘንሁ፣ ስለ አቶም የማውቀው ነገር በሙሉ እምነት ነው።

ይህ ሲነገር ክፍሉ ፀጥ አለ። በኋላ ወጣቱ የቅኔ ተማሪ የእኛም ቋንቋ እንዲህ ያለ ሚዛን እንዳለው አስታወሰን፤ «ሄደ» እና «ሄደ አሉ» አንድ አይደሉም። «አሉ» የምትለዋ ትንሽ ቃል ተናጋሪው ራሱ አለማየቱን ትመሰክራለች፤ ተረት የሚነገረውም፣ ሐሜት የሚወራውም፣ «ጅቡ ወደ ሰው ተለወጠ» የሚባለውም በእርሷ ነው። «እኔ ራሴ አየሁ» ብሎ ቡዳን የሚመሰክር ሰው ጥቂት፣ «በላት አሉ» የሚለው ግን ብዙ መሆኑን እያንዳንዳችን ከሰፈራችን ስናወራርድ ዋልን። የላቦራቶሪ ሰው ነኝና ይህ ለእኔ የሥራ ጉዳይም ነበር። ፋብሪካ ውስጥ «ቀለሙ አይለቅም አሉ» ብሎ ጨርቅ የሚያሳልፍ የለም፤ ናሙናው ታጥቦ፣ ተፈትጎ፣ ከመመዘኛ ካርድ ጋር ተነጻጽሮ ይታያል። ይሁን እንጂ መመዘኛ ካርዱን ማን እንደሠራውና በምን ስሌት እንዳወጣው ብጠየቅ መልሴ «እንዲህ ነው አሉ» ከማለት አያልፍም። እናቴ በአንገቴ ላይ ክታብ ስታንጠለጥል የሚገባውን መንፈስ አላየችም፤ እኔም አቶሙን አላየሁም፤ የሚለየን እኔን የነገሩኝ ሰዎች ስሕተታቸው የሚገኝበትን መንገድ ጭምር ጽፈው ማስቀመጣቸው ይመስለኛል። አወያዩ ይህን «ይመስለኛል» ወደውታል።

ከዚያም እትዬ ስድስቱን ሳምንት የመራውን ጥያቄ ጠየቁ። «አንቱ መምህር» አሉ፤ «እኛ አዋቂ ቤት እንሄዳለን እንጂ አማኝ ቤት አንሄድም። ታዲያ ያ ሰው የሚያውቀው ምንድን ነው?» በአማርኛ «አዋቂ» የሚባለው ሕፃን ያልሆነ ሰው፣ ነገር የሚገባው ሰው፣ እንዲሁም ስውር ነገር የሚገልጥና መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ነው። ሦስቱን በአንድ ቃል ጠርተን እንኖራለን። ሸምገል ያሉት ሰው አዋቂው ቀድሞ የሚያውቀው የጎረቤቱን ጠብ፣ የርስቱን ክርክር፣ የምራትና የአማትን ኩርፊያ ነው አሉ፤ ሰው ሲታመም «ማንን አስቀይመሃል?» ብሎ የሚጀምረው ስለዚህ ነው። ሆርተንም የነባሩ ሐኪም ጥያቄ ሕመምን ከሰው ጋር ካለ ቅራኔ ጋር ማያያዙን ጽፎ ነበር፤ እርሱ በመጽሐፍ ያለውን እኚህ ሰው በበረካው ሲኒ ላይ ነገሩን። ወሎ ውስጥ ወዳጃ የሚባለው የጸሎት ጉባኤ ተቀምጦ በዱዓ፣ በቡናና በምርቃት የተጣላን ሲያስታርቅ ያየ ሰው፣ ከታማሚው ላይ አንድ ሸክም እንደሚነሣ ለማመን ረጅም ማስረጃ አይፈልግም። ከዚህ ተነሥቶ ዛሩ በእርግጥ አለ ማለት ግን ሌላ ድልድይ ይፈልጋል፤ ድልድዩን የሠራ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

አራተኛው ቅዳሜ አሳፋሪ ነበር፤ እዚህ ላይ ማለሳለስ አልፈልግም። አወያዩ ስላልመጡ የቤቱ ሰዎች ከበይነ መረብ የተወሰደ ቪዲዮ በፕሮጀክተር አሳዩን። ቪዲዮው በማሊ የሚኖሩ ዶጎኖች ሲሪየስ የተባለው ኮከብ በዓይን የማይታይ ጓደኛ እንዳለው ያለ መሣሪያ ያውቁ ነበር፣ ይህንንም የነገሯቸው ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ናቸው ይላል። ሁለተኛው ኮከብ በቴሌስኮፕ የታየው በ1862 እ.ኤ.አ. ነው፤ የዶጎኖቹን ዕውቀት ጉዳይ የጻፈው ደግሞ ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል ከባልደረባው ጋር በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ሆላንዳዊው ዋልተር ቫን ቤክ በዶጎኖች መካከል ለዓመታት ሠርቶ የተባለውን ዕውቀት የሚያውቅ ሰው ማግኘት እንዳልቻለ በ1991 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ይህ ሁሉ በቪዲዮው ውስጥ የለም። የሚያናድደው ሐሰት መሆኑ ብቻ አይደለም፤ አፍሪካዊ አንድ ነገር አወቀ ከተባለ ከሰማይ የመጣ እንግዳ ነገረው ማለት ሁንቶንጂና ዊሬዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉት ንቀት ራሱ ነው፤ የመጽሐፍ ቤቱ ሰዎችም ይህን ንቀት «ክብር» ብለው አሳዩን። ለዚያ ቀን ተዘጋጅቶ የነበረው ጽሑፍ ስለ ናይጄሪያዊቷ ፈላስፋ ሶፊ ኦሉዎሌና ስለ ተከራካሪዋ ፒተር ቦዱንሪን ነበር። እርሷ ሳይንስ ስላላብራራው ጥንቆላ የለም ማለት አይቻልም ስትል፣ እርሱ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ ያለው አለ ባዩ ነው ይላል። ለዚህ ክርክር የቀረን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር። ከስድስቱ ቅዳሜ አንዱን ብቻ ማስቀረት ያለበት ሰው ይህን ያስቀር።

በአምስተኛው ሳምንት አወያዩ ተመለሱ፤ ይቅርታም ጠየቁ። ስለ ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ የቀረበው ክፍል ግን የተጣደፈ ነበር። «ሐተታ» የተባለው መጽሐፉ በ1667 እ.ኤ.አ. እንፍራዝ ላይ ተጻፈ የሚለውን ጽሑፉ እንደተዘጋ ጉዳይ ያቀርበዋል፤ ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ጸሐፊው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂውን ወደ ፈረንሳይ የላከው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ራሱ ነው ብሎ እንደተከራከረ፣ የኢትዮጵያን የፍልስፍና ጽሑፎች ሲያሳትም የኖረው ክሎድ ሰምነር ደግሞ ለኢትዮጵያዊነቱ እንደቆመ አንድም መስመር የለም። ሳይመረመር አትቀበል የሚልን መጽሐፍ ሳይመረምሩ ማስተማር ያስገርማል። የቀኑን ዕዳ የከፈለው የእንዶድ ታሪክ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሴቶቹ እንዶድ ልብስ እንደሚያነጻ በዮሩባው አነጋገር «ሞ» ብለው ያውቁ ነበር፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ምን ያህሉ እንደሆነ፣ በስንት ውኃ፣ ስንት ጊዜ ቢደጋገም ውጤቱ እንደማይለወጥ የተገኘው በሙከራ ነው። እርሱና ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ሥራ በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም ማንንም አላሳነሰም፤ እኔም ለሌሎቹ ነባር ዕውቀቶች ይህ እንዲደረግላቸው እመኛለሁ።

የመጨረሻው ቅዳሜ ርእስ እምነት የሚያደርሰው ጉዳት ነበር። ነርሷ በሥራዋ ስለምታያቸው የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ስትናገር ማንንም አልነቀፈችም። ጠበል የሚሄድ ታማሚ ክኒኑን እየዋጠ ቢሄድ እርሷ ቅሬታ የላትም፤ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጎን ለጎን ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸውን አስታወሰች። የምታዝነው መድኃኒቱን አቁሙ ከተባሉ በኋላ ተመልሰው ለሚመጡት ነው። ከዚያ ነገሩ ወደ ቡዳ ዞረ፤ ከታዳሚዎቹ አንድ ጡረተኛም ዛሬም የማልረሳውን ነገር አነሡ። ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን «ጠይብ» እንላቸዋለን፤ ቃሉ ከ«ጠቢብ» የተገኘ ነው፤ ጥበብ ያለው ማለት። ማረሻውን፣ ምጣዱን፣ ጀበናውን የሠሩልን፣ በዚህ አገር ከሁሉ ይበልጥ ለቴክኖሎጂ የቀረቡ ሰዎች፣ በጥበባቸው ስም ተጠርተው በዚያው ስም ሰው የሚበሉ ተብለው ተፈሩ፤ ልጃቸውን ለማግባት የሚደፍር ጠፋ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በእጅ ሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ መቶ ዓመት አልፎታል።

አዛንዴዎች ጠንቋይ ማን እንደሆነ የሚጠይቁት ለዶሮ መርዝ አጠጥተው ነበር፤ ቢያንስ ጥያቄው ሁለት ጊዜ ይቀርባል፣ ሁለተኛው ዶሮ የመጀመሪያውን እንዲያረጋግጥ ወይም እንዲያፈርስ። በእኛ ቡዳ ላይ ግን ማጣሪያ የለም። የተወለዱበት ቤት በቂ ነው። አወያዩ ይህን ካሉ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከታዳሚዎቹ መካከልም አንድ ዝምተኛ ሰው፣ ስድስቱን ሳምንት በሙሉ አንድ ቃል ያልተነፈሱ፣ አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ እንደነበሩ ተናገሩ። ሌላ አልጨመሩም። እትዬ ቡናውን አስቀድመው ለእርሳቸው ቀዱላቸው፤ «አብሽር» አሏቸው።

እንግዲህ ፍርዴን ላስቀምጥ። ለ900 ብር ይህ ትምህርት ርካሽ ነው፤ የሚገዛው ግን ስለ አፍሪካ የተጻፈው ጽሑፍ ሳይሆን ከጽሑፉ በኋላ በአቦልና በበረካ መካከል ያለው አንድ ሰዓት ነው። ጽሑፎቹ ጋናን፣ ቤኒንንና ናይጄሪያን በሚገባ ያቀርባሉ፤ ወሎ ግን በገጾቹ ውስጥ የለም፤ ወሎ የገባው በታዳሚው አፍ ነው። ወዳጃ፣ ጠበል፣ ሒርዝና ክታብ በአንድ ዓይነት ቆዳ ተሰፍተው በአንድ ገበያ በሚገናኙበት አገር ለዚህ ትምህርት ሰባተኛ ቅዳሜ መጨመር አያስቸግርም ነበር። መጽሐፍ ለመከራየት የሚጠየቀው የ500 ብር መያዣ ለተማሪ ከባድ ነው፤ ስለ አፍሪካ ፍልስፍና ያለው መደርደሪያም ባብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በአማርኛ ብቻ የሚያነብ ሰው በፎቶ ኮፒው መወሰኑ ግድ ነው። ቡናው ጥሩ ነው፤ ቆሎው አንዳንድ ቀን ጨው ይበዛበታል።

ባለፈው ሳምንት ለሌላ ጉዳይ ደሴ ወጥቼ በደረጃው በኩል ሳልፍ የአዲሱ ዙር ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ዋጋው አልጨመረም፣ ሰዓቱ በግማሽ ሰዓት ቀደም ብሏል፣ የመስኮቱ መስተዋትም ተቀይሯል። «ከተፈጥሮ በላይ» የሚለው ሐረግ በእስክርቢቶ ተሰርዟል፤ በቦታው የተጻፈ ሌላ ቃል ግን የለም።